ጋሽ ኦርካይዶ እና የልጃቸው አይጦች

እኛ የሆድ ዕቃችንን የምናውቀው ከሐኪም ተምረን ሳይሆን በብስጭት ነው። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈስሳል፣ ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፣ የጎረቤት ልጅ በኳስ መስኮታችንን ሲሰብር ደግሞ ቆሽታችን ያርራል። ይሁንና ከመካከላችን አንዱን አስቁማችሁ «ለመሆኑ ይህ ያረረው ቆሽትህ የት ጋ ነው?» ብትሉት፣ እጁን ከደረቱ እስከ እምብርቱ ሲያንከራትት ይውላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ጋደም ብሎ የደማችንን ስኳር የሚቆጣጠር፣ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ነገር መሆኑን የተማርኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ ከጎረቤቴ ከጋሽ ኦርካይዶ ቤት ነው።

ጋሽ ኦርካይዶ የሙዝ ነጋዴ ናቸው። ጠዋት በሚኒባስ ታች ገበያው ወዳለበት ወደ ሲቀላ ይወርዳሉ፣ ሙዝ በአይሱዙ አስጭነው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ፣ ማታ ሙዝ ሙዝ እየሸተቱ ወደ ሴቻ ይወጣሉ። ስኳር እንዳለባቸው የታወቀ ጊዜ ባለቤታቸው «ከእንግዲህ ሙዝ በዓይንህ ብቻ!» ብለው ፈረዱ። የባለቤታቸው ስም እትዬ ብርቱካን ነው። የሙዝ ነጋዴ ስኳር ይዞት፣ ሚስቱ ብርቱካን ተብላ፣ ሰው እንዳይስቅ መከልከል ከባድ ነው። ጋሽ ኦርካይዶም አብረው ሳቁ፤ ክኒናቸውንም ያለ ክርክር ዋጡ።

ክርክሩ የመጣው ኋላ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር አስቴር «ክኒኑ ብቻውን አልበቃም፤ ሐኪሙ ኢንሱሊን ይጀምሩ ብሏል» አለቻቸው። እምቢ አሉ። መርፌ ፈርተው እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ኦርካይዶ ምሕረት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከሰፈራችን ወጥታ፣ ተምራ ተምራ፣ ዛሬ ባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትመራመር ናት፤ ምርምሯም ቆሽት ላይ ነው።

«ልጄ የስኳርን መድኃኒት እየሠራች፣ እኔ የማንን መርፌ ነው የምወጋው?» ይላሉ። «የራሴ ማሳ ሊደርስ ሲል ከሰው ሙዝ እገዛለሁ?»

ስልክ ሲደውሉላት መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ደረሰ?» ይሏታል። «እየደረሰ ነው፣ አባባ» ትላቸዋለች። መርፌውን እምቢ ማለታቸውን አልሰማችም። እንዳንነግራት ተከልክለናል።

በዚህ መሀል ቀኝ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። «ጫማ ነው» አሉ። ቁስሏ ግን እንደ ጫማ ቁስል አልሻረችም። ቀስ በቀስ ጫማውን ትተው በነጠላ ጫማ መሄድ፣ ከሚኒባስ ሲወርዱም የሰው ትከሻ መያዝ ጀመሩ። እትዬ ብርቱካን በአጥር በኩል ጠሩኝ። «ታደለ፣ እባክህ አንተ ንገረው። እኔንማ እንደ ሬዲዮ ነው የሚሰማኝ» አሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። እኔንም እንደ ሌላ ጣቢያ ሰሙኝ።

ለመስቀል ምሕረት መጣች። በጋሞ ምድር መስቀል ሲሆን ቤቱ የማይሞላ ሰው የለም፤ የእነሱ ቤት ደግሞ ከደጋው ከኦቾሎ በወረደ ዘመድ እስከ ደጅ ሞላ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ እንግዳ ዶክተር መጣች ሲባል የሚያመውን ጉልበት ይዞ የመጣ ነው። «እኔ የምመራመር እንጂ የማክም አይደለሁም» ብትል የሚሰማት ጠፋ። አንዲት አክስቷማ ወገቤን ሳላሳይ አልሄድም አሉ።

«እስቲ ሥራሽን ንገሪያቸው» አሉ ጋሽ ኦርካይዶ፣ ኩራት ድምፃቸውን አወፍሮት።

ነገረች። በሰውነታችን ሕዋሳት ላይ በዓይን የማትታይ አንዲት ፀጉር መሰል ነገር አለች፤ ሕዋሱ የውጭውን ወሬ የሚሰማው በእሷ ነው። የቆሽት ሕዋስም ስኳር ሲመጣ ሥራውን በወጉ እንዲሠራ ይቺው ፀጉር ታግዘዋለች። በዘር በሚተላለፍ ችግር ፀጉሯ ተበላሽታባቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ የአንዳንዶቹ ዓይን ይደክማል፣ የአንዳንዶቹ ኩላሊት ይታመማል፣ ትርፍ ጣት ይዘው የሚወለዱም አሉ፣ ከመካከላቸውም ስኳር የሚይዛቸው ብዙ ናቸው። «ፀጉሯ ስትበላሽ ቆሽት ለምን እንደሚደነቁር ማወቅ ነው የእኔ ሥራ» ብላ ጨረሰች።

«እና ይሄ ሁሉ ትምህርት ለአንዲት ፀጉር ነው?» አሉ ወገባቸውን የሚያማቸው አክስት። ቤቱ ሳቀ።

ጋሽ ኦርካይዶ አልሳቁም፤ ብድግ አሉ። «ሰማችሁ አይደል? ለዚህ እኮ ነው እኔ የሐኪሞቹን መርፌ እምቢ ብዬ የልጄን የምጠብቀው!»

የምሕረት ፊት ተለወጠ። ዓይኗ ከአባቷ ፊት ወረደና ነጠላ ጫማቸው ላይ ቀረ።

እንግዳው ሲበተን እትዬ ብርቱካን እኔን በጥቅሻ አስቀሩኝ። ምሕረት ከአባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ፋሻውን ፈታች፤ ቁስሉን ብዙ አየችው።

«አባባ፣ የእኔ ሥራ መድኃኒት አይደለም። ገና አይጥ ላይ ነኝ።»

«የምን አይጥ?»

«የምመራመረው በአይጥ ቆሽት ነው።»

ጋሽ ኦርካይዶ «አስረዳኝ» በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አይጥ ስታክሚ ነው?»

«አላክማትም፣ አባባ። ለምን እንደታመመች ነው የማየው።»

«እና ዳነች?»

«አልዳነችም።»

ጋሽ ኦርካይዶ በጣም ሲናደዱ አማርኛውን ጥለው ወደ ጋሞኛ ይሻገራሉ። ያን ዕለት ተሻገሩ። ከዚያም እያነከሱ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። ምሕረት ፋሻውን እንደያዘች አለቀሰች። «ደረሰ? ሲለኝ ጥናትሽ አለቀ ወይ የሚለኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «እየደረሰ ነው ስለው ለካ እግሩን እያስጨረስኩት ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ላያቸው ስሄድ አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ከታች የአባያ ሐይቅ በጠዋት ፀሐይ ቀልቶ ይታያል። ኩርፊያው ገና አልበረደም፤ ቢሆንም የምትለውን ይሰማሉ።

«ይሄ እምቢ ያልከው መርፌ ከየት የመጣ ይመስልሃል?» አለቻቸው። «ድሮ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው በውሻ ቆሽት ሞክረው ሞክረው ያገኙት።»

«በውሻ?»

«በውሻ።»

ትንሽ ቀለል ያላቸው መሰለኝ። ውሻ ከአይጥ ይሻላል።

«እነሱ እስኪያገኙት ሲጠብቅ የነበረው በሽተኛስ?»

ልትዋሽላቸው ትችል ነበር።

«አብዛኛው አልደረሰበትም፣ አባባ።»

«የአንቺስ መቼ ይደርሳል?»

«አላውቅም። እኔ ራሴም ላልደርስበት እችላለሁ።»

ጋሽ ኦርካይዶ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ጉልበቷ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው የእነዚያን ሰዎች መርፌ እየተወጋሁ የአንቺን እጠብቃለሁ» አሉ። «እኔ ከሌለሁ፣ ያገኘሽ ቀን ለማን ልትደውዪ ነው?»

የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሄዱ። ቁስሉ ትንሿን ጣታቸውን ይዞ ሄደ፤ እግራቸው ግን ተረፈ። ምሕረት ወደ አይጦቿ ተመለሰች። መድኃኒቱ በእትዬ ብርቱካን ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጎን ቦታ ተሰጠው፤ ጋሽ ኦርካይዶም በገዛ እጃቸው እየተወጉ ሲቀላ መውረዳቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጋሽ ኦርካይዶ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ጥሩ ዕቃ ይዘው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ገበያውን ሁሉ እየዞሩ «መርፌውን ልጄ ናት ያስጀመረችኝ» ማለት ጀመሩ። ወሬ ደግሞ ከሲቀላ ሴቻ እስኪወጣ መልኩን ይለውጣል። «ያስጀመረችኝ» የተባለው «የሠራችልኝ» ሆኖ ደረሰ።

ባለፈው ሰሞን ለራሴ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ፣ ኢንሱሊን አልወጋም በማለት የታወቁ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ገቡ። ሲስተር አስቴር ስትለምናቸው ነው የከረመችው። ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ የኦርካይዶ ልጅ የሠራችው መርፌ እናንተ ጋ አለች?»

ሲስተር አስቴር አየችኝ። እኔም አየኋት።

«አለች» አለቻቸው። «ይግቡ።»

ይህንን ለምሕረት በስልክ ብነግራት ጮኸችብኝ። «ጋሽ ታደለ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው! እኔ እንዳልሠራሁት በእግዚአብሔር ለሰዉ ንገርልኝ!»

እነግራለሁ ብያታለሁ፤ መንገሬም አይቀርም። ብቻ መጀመሪያ የበርበሬ ነጋዴው መርፌውን ይልመዱት።