«ያምራል» ሲሉኝ ያለቀስኩበት ሕልም

ዛሬ ጠዋት ሶፋዬ ላይ ሸለብ ቢያደርገኝ ዓለም ተገልብጣ አየኋት። ከመተኛቴ በፊት ሳፈጥበት የነበረው የአባቴ ሥዕል ነው። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ መቀሱንና ማበጠሪያውን ይዞ ስዬዋለሁ። የሆነ ነገሩ ይከነክነኛል፤ ምኑ እንደሆነ ግን አላውቅም። ነገ ወደ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። ያየው ሁሉ «ያምራል» ብሎኛል፤ እናቴም፣ ጎረቤቶቼም፣ የጋለሪው ባለቤትም።

በሕልሜ ሥዕሎቹ ብርጭቆ ይዘው አዳራሹ ውስጥ ይንሸራሸራሉ፣ እኛ ሰዓሊዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለናል። እኔ በኮቴ ኮሌታ ምስማር ላይ ተንጠልጥያለሁ። አንድ የሐይቅ ሥዕል ውሃውን ወለሉ ላይ እያንጠባጠበ መጣና አንጋጦ አየኝ።

«ያምራል» አለ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገሬ ልክ አይደለም። እስቲ ይዩልኝ።»

«ልክ አለመሆንህ ነው ውበትህ» ብሎኝ ሳምቡሳ ፍለጋ ሄደ።

ከወዲያ ጥግ ነጭ ጋዋን የለበሰች አህያ ሰዓሊዎቹን በተራ ቫርኒሽ ትቀባለች። ቫርኒሽ የተቀባ ሰዓሊ ከነስህተቱ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያርመው የለም። ኮሌታዬን ቀድጄ ወረድኩና ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ።

እዚያ ሐኪሞቹ ተሰልፈው፣ በሽተኞቹ መድኃኒት ያድላሉ። ፒጃማ የለበሰ በሽተኛ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ትችት አለ?» አልኩት።

«ተማሪ ነህ?»

«ከተመረቅሁ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«እንግዲያማ አይሰጥህም። ለተመራቂ ያለን ጭብጨባ ብቻ ነው። በሽሮፕ ይሁንልህ በክኒን?»

ይሄኔ ሰናይትና ቶሎሳ ከሰልፉ መሀል ብቅ አሉ። አብረውኝ የተመረቁ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ተሰብስበን የአንዳችንን ሥዕል መሀል እናቆማለን፤ ባለቤቱ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ የትችት ናዳ ያወርዱበታል። ስንት ቀን ራት ሳልበላ አስተኝተውኛል! አሁን ግን ሳያቸው ነፍሴ መለስ አለች።

«ሰኒ፣ በእናትሽ፣ ምኔ ነው ልክ ያልሆነው?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ያምራል» አለች።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰናይት እንዲህ ካለችማ ሞቻለሁ ማለት ነው፤ መልካም መልካሙ ብቻ የሚወራው ስለ ሬሳ ነዋ። አህያዋ ደርሳ ብሩሿን ነከረች፣ ወደ ግንባሬም አነሳችው።

«ኧረ ወዲያ! ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

ሥዕሉን እንዲያዩልኝ ጠርቻቸው በሩን ክፍት ትቼላቸው ነበር። ሰናይትና ቶሎሳ የአባቴ ሥዕል ፊት ቆመዋል። እሷ መቀስ የያዘውን እጅ አውራ ጣት በጣቷ ትጠቁማለች።

«ቀኝ እጃቸውን ስትስል የማንን እጅ እያየህ ነው?» አለ ቶሎሳ።

«የራሴን ነዋ! ብሩሹን በቀኜ ይዤ፣ ግራዬን እያየሁ...»

ግራ እጄን አንስቼ ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁ።

«እና አባትህ ጋሽ ደምሴ በሁለት ግራ እጅ ነው የሰፈሩን ሰው ሲላጩ የኖሩት?» አለች ሰናይት። «ጆሮ የተረፈው ሰው አለ?»

ስድቧን ሳትጨርስ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እንባዬ መጣ። እነዚህን ሰዎች የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፤ ያለ እነሱ ነገ አባቴን የአገር መሳቂያ አደርገው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

«ምስጋናህን ቆጥበው» አለ ቶሎሳ ጃኬቱን እያወለቀ። «አፍንጫው ጋ ገና አልደረስንም።»