የአቦይ ሐጎስ አውራ ጣት

እኔ የገዛ ጣቴን በቅጡ ያየሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እናንተስ? ሰው ቀለበት ካላጠለቀ ወይ ካልቆሰለ ጣቱን ምን ብሎ ያያል?

ያሳየኝ የመሥሪያ ቤታችን ማሽን ነው። ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ መቀሌ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ድሮ የምንገባው በፊርማ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳችን ለአንዳችን እንፈርም ነበር። እኔ ራሴ ቁሓ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ቢሮ የገባሁበት ቀን አለ። ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ሰማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ በሩ ላይ የጣት አሻራ ማሽን፣ ከበላዩ ደግሞ ካሜራ ሰቀለብን። አሥር ቀን አሻራው ያልተገኘ ሠራተኛ ይሰናበታል ተባለ።

ተራ በተራ ጣታችንን አስመዘገብን። ማሽኗ በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ታመሰግናለች። አቦይ ሐጎስን ግን አላመሰገነችም።

አቦይ ሐጎስ ዘበኛችን ናቸው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ጠርበዋል። መቀሌን የሚያውቅ ድንጋይዋን ያውቃል። ያን ሁሉ ነጣ ያለ ግድግዳ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በመሮ አስተካክሎታል። ታዲያ ድንጋይ ሲለሰልስ ጣትም አብሮ ይለሰልሳል። የእሳቸው ጣቶች ያለቀ ሳሙና ይመስላሉ። መስመር የሚባል የላቸውም።

ማሽኗን የሰቀለው ቴክኒሺያን አሥሩንም ሞከረ። አሳጠበ፣ አደረቀ፣ ቅባት ቀባ። ማሽኗ አሁንም አንድ ነገር ትላለች። አቦይ ሐጎስ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ይድገሙት ነው የምትለው አልኳቸው።

“ስንት ጊዜ ልድገምላት? ጣቴ እንደሆነ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ግንብ ውስጥ ነው ያለው፣ ወደይ ልጄ። ሄዳ እዚያ ታንብበው።”

ሳቅን።

ሳቁ በሰባተኛው ቀን ቆመ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ሐጎስ፣ ዘበኛ፣ ሰባት ቀን ቀሪ። ይኸው ቀሪ ሰው በሩን ከፍተው፣ ደብዳቤውን ከመልእክተኛው ተቀብለው፣ በእጃቸው ለሥራ አስኪያጁ አደረሱት።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ወዲያው ደወሉ። ሰውየው ይኸው ፊቴ ቆመዋል አሉ። ማሽኑ የሉም ካለ የሉም ተባሉ። ካሜራው በየቀኑ ያያቸው የለም ወይ ብለው ተከራከሩ። ካሜራው ለሌባ ነው፣ ለሠራተኛ አይደለም የሚል መልስ መጣ። አያችሁ? አቦይ ሐጎስ አንዲት ወንበር ሰርቀው ቢሆን ኖሮ መኖራቸው ይመሰከርላቸው ነበር።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ነው የቀራቸው። በማግስቱ ጠዋት በሩን ሲከፍቱልኝ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

“እንዲያው፣ እኔ የለሁም ማለት ነው?”

ቀስ ብለው ነው የጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረበትም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? በዘጠነኛው ቀን ቴክኒሺያኑ እግርዎን ያሳዩኝ አላቸው። አቦይ ሐጎስ ተግደረደሩ። ይህ ነውር ነው አሉ። በስንት ልመና ጫማቸውን አወለቁ። የእግር ጣት እኮ ያን ሁሉ ዘመን ቦት ጫማ ውስጥ ተኝቶ የከረመ ነው። መስመሩ እንደ አዲስ እርሻ ቁልጭ ብሏል። ቴክኒሺያኑ ማሽኗን ከግድግዳው ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠላቸው። አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። አመሰገነች። እሳቸውም መልሰው አመሰገኗት።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ማሽኗ የምትሰቀለው ደረት ትይዩ ነው። ሽማግሌ ሰው በየጠዋቱ እግሩን ደረቱ ድረስ ያንሳ? ስለዚህ ዝቅ ብላ፣ ከጉልበት በታች ተሰቀለች። አቦይ ሐጎስ አጠገቧ ወንበራቸውን አደረጉ። ጠዋት አንድ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ተቀምጠው ይፈርማሉ።

እኛስ? እኛ ለመግባት ጎንበስ እንላለን። ሥራ አስኪያጁም ከረባታቸውን በአንድ እጅ ይዘው ጎንበስ ይላሉ። አቦይ ሐጎስ ከወንበራቸው ሳይነሱ “ከመይ ሓዲርኩም” እያሉ በየተራ ይቀበሉናል። ለጉዳይ የሚመጡ ባላገሮች ደግሞ እኛን ያያሉ። የአገሩ ሥርዓት ይሆናል ብለው ለአቦይ ሐጎስ እጅ ነስተው ይገባሉ።

ባለፈው አንድ አዛውንት ከኋላዬ ተሰልፈው ነበር። ትልቁ ሰውዬ በር ላይ ከተቀመጡ ውስጥ ያለው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

ጎንበስ እንዳልኩ ነበርኩ። ማሽኗ ገና አላመሰገነችኝም።