ክፍት የባልነት ቦታ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ጠላቴም አይየው።

እርግጥ አሳብ ይዞኝ ነው የተኛሁት። ሰው አገር የላም ሐኪም ነኝ። የሥራ ቪዛዬ ሊያበቃ ነው፤ ቀጣሪዬ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ልታመለክትልኝ ጀምራለች። ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ግን አንድ ነገር ነግሮኝ እንቅልፌን ነሳኝ። ለካ መጀመሪያ የገዛ ሥራዬ ክፍት ቦታ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ይወጣል! ሥራውን የሚችል አንድ የአገሩ ዜጋ ካመለከተ የእኔ ነገር አበቃ፤ ሻንጣ መሸከፍ ነው። ማንም ካልመጣ ተረፍኩ። «ማን መጥቶ ላም ሥር ይንበረከካል ብለህ ነው?» ብሎ አጽናናኝ። እኔና ባለቤቴም እንደ አበሻ ወግ ነገሩ እስኪያልቅ ለማንም ትንፍሽ አላልንም፤ ለዘመድም ጭምር።

ሕልሙ የጀመረው ከቤታችን በር ነው። የቪዛ ቆንስሎች ከበራችን እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ከራቫት አስረው፣ ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። የደከማቸው ወረፋቸውን በድንጋይ አስይዘው አጥር ሥር ቁጭ ብለዋል። እኔ በፒጃማዬ መስኮት ላይ ሆኜ አስተናግዳለሁ።

«ጓሮዬ ገብተህ ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት የመጀመሪያውን።

«ጎመኑን ልጎበኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ለመመለስህ ምን ማስረጃ አለህ?»

«ሚስት አለችኝ፣ ቤት አለኝ፣ ውሻ አለኝ።»

«ውሻው ራሱ መጥቶ ይመስክር!» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁበት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዘግቼ ዞር ስል በረት ውስጥ ነኝ። ሁልጊዜ የማክማት ላም ነጭ ጋውን ለብሳ፣ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጓንት አጥልቃ ትጠብቀኛለች።

«የጤና ምርመራ ነው» አለች። «ዞር በል።»

«እንዴ! እኔ እኮ ሐኪምሽ ነኝ!»

«አውቅሃለሁ እንጂ! ለዚህ እኮ ነው ለሌላ አልሰጥም ያልኩት።»

እግሬ አውጪኝ አልኩ። የበረቱን በር በርግጄ ስወጣ የገባሁት ሳሎናችን ነው። ባለቤቴ የሺመቤት ጠረጴዛ ዘርግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ክፍት የሥራ ቦታ። የሥራው መጠሪያ፦ ባል። ተፈላጊ ችሎታ፦ የሚያንኮራፋ፣ ካልሲውን ሶፋ ሥር የሚጥል፣ ወጥ ጨው ሲበዛበት ዝም ብሎ የሚበላ።»

«ይሄማ እኔ ነኝ!» አልኩ።

«አንተን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት» አለች፤ አሳዘነችኝ። «ደንብ ሆኖብኝ ነው። ዜጋ ከመጣ ግን እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ዜጋው መጣ። ሱፍ የለበሰ ኮርማ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን አወጣ፤ እዚያው እኛ ሶፋ ላይ ነው የተወለደው። «እስቲ አንኮራፋ» አለችው። አንኮራፋ፤ አምፖሉ ወደቀ። «ካልሲ ጣል» አለችው። አራት ጣለ።

«የሺ፣ ስንት ዓመት አብረን ኖረን!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ጋ ያገኘኸው ልምድ አይቆጠርም። ከሌላ ሚስት የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጣ።»

«ሌላ ሚስት ኖራኝ አታውቅም!»

«እንግዲያው ልምድ የለህም» ብላ እንባዋን ጠረገች።

ኮርማው ነጠላ ጫማዎቼን በፊት እግሮቹ አጠለቀና «ለኋላዎቹስ?» አላት።

«ሂድ ግዛለት» አለችኝ።

ኡኡ ብዬ ነቃሁ። ረፍዷል፤ እሑድ ነው። የሺ አጠገቤ ጋደም ብላ ስልክ ታወራለች። እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ተመስገን፣ አሁንም ባል ነኝ!

የምታወራው ከአጎቷ ከጋሽ አውላቸው ጋር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ጋሽ አውላቸው ሥራ ያላስገቡት አበሻ የለም፤ ክፍት ቦታ ሰምተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። መንቃቴን ሲሰሙ «አገናኚኝ እስቲ» አሏት፤ ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠችኝ።

«ዶክተር፣ ምሥራች!»

«ምሥር ይብሉ፣ ጋሼ» አልኩ እየሳቅኩ።

«እናንተ መሥሪያ ቤት የላም ሐኪም ይፈለጋል ብሎ ጋዜጣ ላይ አላወጣም መሰለህ! የወንድሜ ልጅ ምናሴ እዚሁ ተወልዶ፣ ይሄንኑ ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጦ የለ? ዓርብ ዕለት እኔው ራሴ በመኪና ወስጄ አስመዘገብኩት። አለቃህ ወረቀቱን ስታይ ክው አለች። ሰው አጥታ ኖሯል መቼስ!»

የሺ አፏን በእጇ ያዘች።

«ዶክተር፣ አለህ? እዚያ በረት ውስጥ አማርኛ የሚያወራህ እንኳ አጥተህ ብቻህን ስትንገላታ አንጀቴን ስትበላው ነው የኖርከው እኮ! ከእንግዲህ ሁለት ናችሁ።»