የአይጦቹ አስተናጋጅ

ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል፤ ሥራው ግን ከሰውየው ጡረታ አይወጣም። ጡረታ የወጣ ወታደር የልጅ ልጆቹን በሰልፍ ያስኬዳል። ጡረታ የወጣ ዳኛ የጎረቤት ዶሮ ግቢው ብትገባ ግራ ቀኙን ሳይሰማ አያባርራትም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቅ ዳር በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ። ሳልኩራራ ልናገርና፣ እኔ ያቀረብኩት ሳህን ምግብ ይዞ ወደ ወጥ ቤት የተመለሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እንግዳው ከጥጋቡ የተነሣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ስለወሰደው ነው። የሐይቁ ጉማሬዎችስ እንዲያ የወፈሩት ምን አይተው ይመስላችኋል? የእኔን እንግዶች አይተው ነው እንጂ!

የሙያው ምስጢር አንድ ነው፤ እንግዳ «በቃኝ» ሲል አትመኑት። የመጀመሪያው «በቃኝ» ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ይባልና ይጎረሳል። ይህን ሕግ የማያውቅ ቦታ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ለካ አለ፤ ያውም እዚሁ ሐዋሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ!

የእህቴ ልጅ ምሕረት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው አይጥ ነው። አይጥ ስላችሁ የጓዳውን ሌባ እንዳታስቡ፤ እንደ ጥጥ የነጡ፣ ከእኔ የተሻለ መኝታ ያላቸው ናቸው። አይጡ ሳጥን ውስጥ ይገባና አንዲት ብረት ሲጫን ጣፋጭ ፍሬ ትወርድለታለች። መጀመሪያ አንዴ መጫን ይበቃል፤ ቀጥሎ ሁለቴ፣ ከዚያ አራቴ፣ እያለ እንደ ዘንድሮ ገበያ ይወደዳል። በመጨረሻ አይጡ «ኧረ ይቅርብኝ» ብሎ ይተወዋል። ምሕረት የምትፈልገው ያንን የተወበትን ቦታ ነው፤ ለምግቡ ምን ያህል እንደሚጓጓ የሚለካው በዚያ ነው አለችኝ። መቁጠሩን ማሽኑ ይቆጥራል። እሷ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የምታስተምረው ክፍል ስለነበራት፣ «ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ብቻ ይዩልኝ» ብላ ለመነችኝ።

ቁጭ ብሎ ማየት! አስተናጋጅ ቁጭ ብሎ አይቶ ያውቃል?

«ኮንትራክተሩ» ብዬ ስም ያወጣሁለት ወፍራም አይጥ ሲጫን ሲጫን ቆየና ብረቱን ትቶ ጥግ ያዘ። አየሁት። ፊቱ ላይ ይሉኝታ አለ! ይህን ፊት ከሺህ እንግዳ ላይ አውቀዋለሁ። «በል እንጂ ጌታው፣ ገና ምን ቀመስክና!» አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። ምናልባት ያገር ልጅ ከሆነ ብዬ በአገሬው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎም ለመንኩት። ጢሙን ጠረገ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ከኪሴ ዳቦ ቆሎ አውጥቼ በሽቦው ቀዳዳ «በሞቴ!» ብዬ አጎረስኩት። በላ! አላልኳችሁም? ሌሎቹንም በየቀኑ እንዲሁ አጎረስኳቸው፤ አንዱን አጉርሶ ሌላውን ማለፍ ነውር ነው። ለምሕረት አልነገርኳትም። እንግዳ መለመንም ሪፖርት ይደረጋል እንዴ?

ሳምንት ሳይሞላ አይጦቹ ሥራ አቆሙ። አንዴ ጫን ያደርጉና ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ምሕረት ማሽኑን ፈታች፣ ገጠመች፤ ለውጥ የለም። የሚያማክራት ዶክተር መጥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ለምግብ ግድ ያጣ አይጥ የታመመ አይጥ ነው። እስከ ሐሙስ ካልተሻላቸው ይወገዳሉ፤ አንቺም ከአዲስ ትጀምሪያለሽ» አላት። ይወገዳሉ ማለት ይገደላሉ ማለት ነው፤ የተማረ ሰው አፉ ጨዋ ነው። ከአዲስ መጀመር ደግሞ የዘንድሮው ምርቃት ቀረ ማለት ነው። ቱላ ያለችው እህቴ እኮ ለምርቃቱ በግ ማድለብ ጀምራለች! ምሕረት ከዚያ ቀን ወዲያ እህል በአፏ አልዞረም። ብለምናት፣ ብለምናት፣ እምቢ። የእውነት «በቃኝ» ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ፤ አስፈራኝ።

ሐሙስ ጠዋት አይጦቹን ልሰናበት ሄድኩ። ምን ይደረግ፣ አብረን በልተናል። ዶክተሩና ምሕረት ሳጥኖቹ ፊት ለቀስተኛ መስለው ቆመዋል። እኔ በሩ ላይ ብቅ ስል ግን ያ ጥግ ይዞ የተኛ ሁሉ ተነሣ! ኮንትራክተሩ በሁለት እግሩ ቆመ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን በሽቦው መሃል አሾልከው ወደ እኔ አሰፈሰፉ። አንዱማ አንደበት ቢኖረው «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ዶክተሩ አይጦቹን አየ፤ እኔን አየ፤ ኪሴን አየ። «አባቴ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ። «ዳቦ ቆሎ ነው፤ ይቅመሱ» ብዬ ዘረጋሁለት። «ለአይጦቹም ይሰጧቸዋል?» አለኝ። «ሥራ ሲያቆሙ ብቻ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ፤ «ሲሠሩማ የራሳቸውን ይበላሉ!»

ምሕረት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጋሼ! ሥራ ስላቆሙ ደመወዝ ይከፍሏቸው ነበር?»

እንዲህ ሲባል ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ አልታመሙም። ብረቱን ትተው ጥግ ከያዙ ይህ ሽማግሌ እየለመነ እንደሚያጎርሳቸው አውቀዋል። ሺህ ጊዜ ከመጫን አንዴ ማኩረፍ! በየቤታችን ያለውስ ኩርፊያ በምን የሚኖር መሰላችሁ?

ዶክተሩ ያባርረኛል ስል በሳቅ ፈርሶ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። ከዚያ አባረረኝ። ኪሴን አራግፈው ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝና በሩን ዘጉ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ይህ ጢሜ በሙሉ የሸበተው ያን ዕለት ነው። ረፋዱ ላይ ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ «ቀጭ ቀጭ»። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ! ምሕረት እየሮጠች ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የእኔ ሰሞን ውጤት ተጥሎ ጥናቱ እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ እኔም ወደዚያ ደጃፍ ዝር እንዳልል ተከለከልኩ። ይከልክሉኝ! አይጦቹ ተረፉ፣ ልጅቷ ልትመረቅ ነው፣ በጉ ብቻ አይተርፍም።

በቀጥታ ሐይቅ ዳር ወርደን የዓሣ ጥብስ አዘዝን። ምሕረት የሰሞኑን ረሃብ በአንድ ትንፋሽ ልትወጣው ተጣደፈች። ሳህኑ እኩሌታ ላይ ሲደርስ እጇን ሰበሰበችና «በቃኝ ጋሼ፣ እርስዎ ይብሉ» አለች። እኔ እንግዲህ ሳይንስ የገባኝ ሰው ነኝ። አልለመንኳትም። «በሞቴ» አላልኳትም። የተወችበትን ቦታ በልቤ መዘገብኩና አስተናጋጁን ጠርቼ ሳህኑን አስነሣሁት።

ልጅቷ ሳህኑን ከአስተናጋጁ እጅ መንጭቃ፣ «ኧረ ጋሼ!» አለች፤ «ምነው፣ ለአይጥ ያሉትን ያህል እንኳ ለእኔ አይሉኝም?»