ሪሞቱ እማማ ጋ ነው

ቴሌቪዥን በሰያፍ እንደሚለካ ታውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። ልጅ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ኮሌጅ አስገብቼ፣ ይህን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ያወቅሁት እዚሁ አዳማ፣ ሰኢድ ሱቅ ውስጥ፣ የሹራብ ክር በእጄ ይዤ ቆሜ ነው።

ክሩ ደግሞ ምን ሊያደርግ መጣ ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እማማ ደጊቱ የባለቤቴ የተሾመ እናት ናቸው። አብረውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። እኚህ ሴት እኮ ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚደርሱ ነበሩ። የአዳማ ፀሐይ ሳይበረታ ሄደው፣ አስቀድሰው፣ ተመልሰው እኛን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱ። አሁን ደወል ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በኋላ በኋላ ደወል ባይሰሙም አዞሩት፤ እዚያው ቀሩ። ምግብ ስወስድላቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ፤ ግን አይዞሩም።

ተሾመስ? ተሾመ እናቱን በጣም ይወዳል። በጣም ስለሚወድ ነው መሰለኝ ማየቱን አልቻለውም። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል የተገላገለ ይመስል ውልቅ ነው። ማታም «እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ሳሎን ይገባና ኳሱን ይከፍታል። ከዚያ ክረምት ወዲህ ደፉን አልፎ ሲገባ አላየሁም። እንዲህ ያለውን ነገር ለባል መናገር ደግሞ ከባድ ነው። ለእግዚአብሔር ነገርኩት፤ እሱ አያኮርፍም።

ሐሳቡ የመጣልኝ አንድ እሑድ ነው። በቴሌቪዥን ቅዳሴ ይተላለፍ የለ? እማማ ክፍል አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ብትገባ፣ ሌላው ቢቀር ቅዳሴ ሲጀመር ፊታቸውን ይመልሳሉ አልኩ። በዚያውም የሳሎኑ ጭቅጭቅ ይበርድልኛል። ተሾመ ኳስ ይላል፣ ልጃችን ሳሮን ተከታታይ ድራማ ትላለች፣ እኔ ስብከት እወዳለሁ፤ እኔ እንኳ ተራዬን ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። ሁሉም በየክፍሉ የየራሱን ካየ ቤቱ ሰላም ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የንስሐ አባታችንን ሳማክራቸው «በእግሩ መሄድ ለሚችለው ሰበብ አይሁን እንጂ፣ ለእሳቸውማ ምን ከፋ» አሉኝ።

ቴሌቪዥን ልግዛ ማለት ግን አማካሪ መጥራት ነው ለካ። ሞጆ የሚኖር የተሾመ ጓደኛ አለ፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «እትዬ አልማዝ፣ ሱቅ ለሱቅ አትንከራተቺ፣ እኔ ከደረቅ ወደቡ አካባቢ በርካሽ አመጣልሻለሁ» አለኝ። እውነትም አመጣ። እግር የለውም፣ ሪሞት የለውም። ስንከፍተው ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም። ተሾመ ትንሽ ካዳመጠው በኋላ «ወንድሜ፣ ይሄ ሬዲዮ ነው» ብሎ መለሰለት።

መቂ ያለችው እኅቴ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ሽንኩርት የተወደደ ጊዜ ገበሬው ባሏ በደስታ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ገዛ። ሽንኩርት ተወደደ ብሎ ክፍል አይሰፋ ነገር! ከቅርብ ሲያዩት ሰው ሁሉ አፍንጫ ብቻ ሆነባቸው። ወደ ኋላ አሉ፤ አሁንም ወደ ኋላ አሉ፤ በሩን አልፈው በረንዳው ላይ ወጡ። ይኸው አሁን ቴሌቪዥኑ ቤት ውስጥ ነው፣ ቤተሰቡ ደጅ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። እኅቴ «ለመቂ ሙቀት እንዲያውም ይሻላል» ትላለች። ባሏን ላለማሳፈር ነው።

እኔ ከእሷ ተምሬ፣ እማማ ክፍል ገብቼ ከቁም ሳጥኑ እስከ መስኮቱ ያለውን ቦታ በሹራብ ክር ለካሁ። ክሩን ቋጥሬ ሰኢድ ዘንድ ሄድኩ። ሰኢድ የወሎ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ ነጋዴ። «ስንት ኢንች ልስጥሽ?» ሲለኝ ክሩን ዘረጋሁለት። አልሳቀም። ዞር ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ አሳለ።

«እትዬ አልማዝ፣ ቴሌቪዥን እንዲህ አይለካም። ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ፣ በሰያፍ ነው።»

«አልጋ ቢሆን እንዲህ ተለክቶ ማን ይገዛል?» አልኩት።

«አልጋ ላይ በሰያፍ የሚተኛ ሰው የለማ!»

«የእኔን ባል አላየኸውም» አልኩት። ያን ጊዜ ሳቀ።

ኢንተርኔት የሚፈልገውን ዓይነት ተውኩት፤ እማማ የሚፈልጉት ቅዳሴ ነው። ከቀሩት ሁለቱ ለአቅማችን የሚሆኑ ነበሩ። ቆሜ ሳያቸው ሁለቱም ያው ናቸው። ግን የሚያያቸው የቆመ ሰው አይደለም እኮ፤ የተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩና አንገቴን ትራስ ላይ እንዳደረገ ሰው ጣል አድርጌ ከጎን አየሁ። አንዱ ጭልም አለ፤ የዜና አንባቢዋ ፊት ጥላ ሆነ። ሌላው እንደ ቅድሙ ጥርት ብሎ ታየኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ምን ነካት ብለው ያዩኛል። ይዩኝ! ሰኢድ ለማን እንደሆነ ሲሰማ ከዋጋው ቀንሶ፣ የዋስትና ወረቀቱን ሞልቶ፣ «እናታችንን ዱዓ ያድርጉልኝ በያቸው» ብሎ ሸኘኝ።

ቤት ስደርስ ሌላ ክርክር ጠበቀኝ። የሳሎናችን ቴሌቪዥን የድሮው፣ ባለ ትልቅ ጀርባው ነው። ጥልፍ ለብሶ፣ አናቱ ላይ አበባ ተቀምጦበት የሚኖር። ሳሮን «አዲሱ ለሳሎን፣ አሮጌው ለእማማ ይሁን» አለች። ተሾመም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔ «እንግዲያው አሮጌውን አንሡት» አልኳቸው። ሁለቱ ሆነው ሞከሩ፤ አልተነሣም። ነገሩ በዚያው አለቀ።

አዲሱ ሲገባ እማማ ድምፅ ሰምተው በትከሻቸው በኩል ቀስ ብለው ዞር አሉ። ከጎን አዩት።

«አልማዝ ልጄ፣ ጀርባውስ? ግማሹን ነው እንዴ የሸጡልሽ?»

ስንት ወር ሙሉ ከ«እሺ ልጄ» እና ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» ሌላ ቃል ያልወጣቸው ሴት ናቸው! ወደ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ገመዱን የዘረጋልን ቶሎሳ ነው፤ የሰፈራችን የዲሽ ባለሙያ። ገና ከበሩ እማማን በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ሀዳ ኮ!» ብሎ እንደ እናቱ ሰላም አላቸው። እሳቸውም «ፈያ፣ ፈያ» አሉት። ከዚያ እኔን «ሪሲቨር አንድ ነው ያላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ነው አልኩት። «ለሁለቱም ቴሌቪዥን ይሠራል?» አልኩት። «ይሠራል» አለ። አልዋሸኝም። እሱ ስለ መሥራቱ ነገረኝ፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁት። «የት ላስቀምጠው?» ሲለኝ፣ እኛ ተነሥተን መሄድ እንችላለን፣ እሳቸው አይችሉም ብዬ እማማ ክፍል አስቀመጥኩት። ሪሞቱንም በእጃቸው ሰጠኋቸው።

ማታ ሳሎንም እማማ ክፍልም መዝሙር ነበር። ደስ ሲል! በማግስቱም እንዲሁ። ማናችንም አልጠረጠርንም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሾመ የሚጠብቀው ትልቅ ጨዋታ ነበረው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣ ጥልፉን ገልጦ ከፈተው። ቅዳሴ ነው። የጠዋቱን ደግመው እያሳዩ ነው።

«ሪሞቱስ?»

«እማማ ጋ ነው» አልኩት።

«ለምን እማዬ ጋ?... ቆይ። ሁለት ቴሌቪዥን ገዝተን የምናየው አንድ ነገር ነው እንዴ?»

ሳሮን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። እኔ ነገሩ ገና ያን ጊዜ ገባኝ። የየራሱን እንዲያይ የሠራሁት ቤት፣ ሁሉም እማማ የከፈቱትን የሚያይበት ሆኗል።

ተሾመ ተነሥቶ ሄደ። እኔም ከኋላው። በሩ ላይ ቆመና «እማዬ፣ ሪሞቱን አንዴ...» አለ።

«እሽሽ! ቅዳሴ ነው» አሉት። በትራስ ተደግፈው ቀና ብለዋል፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። «ጫማህን አውልቅ።»

የስንት ዓመት ሰው ነው። አወለቀ። ደፉን አልፎ ገባ። እጁን ወደ ሪሞቱ ሲዘረጋ ደግሞ፣

«ከገባህማ አቋርጠህ አትወጣም። ቁም።»

ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በካልሲ። እንግዲህ የሚያውቅ ያውቃል፤ ቅዳሴ ውስጥ አንዴ ከገቡ እስኪያልቅ ነው። እኔ ወደ ሳሎን ተመለስኩና ያንኑ ቅዳሴ በትልቁ ቴሌቪዥን ተከታተልኩ፤ ሐሳቤን ሰብስቤ ነበር ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ዲያቆኑ ማሰናበቻውን «እትዉ በሰላም» ሲል ከውስጥ የተሾመ ትንፋሽ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

እማማም ሪሞቱን ሰጡት። «በል አሁን ኳስህን ክፈት።»

ከፈተና ወደ ሳሎን ሊሮጥ ሲል «የት ትሄዳለህ? እዚህ አይታይም?» አሉት። ይታያል። ከአልጋው ጠርዝ ላይ ለመነሣት እንደሚቸኩል ሰው ቁጭ አለ።

«የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«ቀዮቹ።»

«ያስ ጥቁር የለበሰው?»

«ዳኛው ነው፣ እማዬ።»

«ስንት ሲሮጥ አንድ ሰው እንኳ ኳስ አያቀብለውም። ያሳዝናል።»

ተሾመ ሲስቅ ሰማሁ። ያን ሳቁን ከክረምቱ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጨዋታው አለቀ፤ እሱ አልወጣም። ስለ አባቱ ሲያወሩ፣ ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወት ስለሰበረው የሰው መስኮት ሲያወሩ መሸ።

እንዲያም ሆኖ ያን ማታ «ነገውኑ ቶሎሳ ይጠራ፣ ሁለተኛ ሪሲቨር ይገዛ» ብሎ አዘዘ። ጠራሁት። ቶሎሳ ግን ሥራ በዝቶበት ሰነባበተ። እስኪመጣ ድረስ ተሾመ ምን ያድርግ? ዜና ሲፈልግ እናቱ ጋ፣ ኳስ ሲፈልግ እናቱ ጋ። መጀመሪያ ሪሞት ሊለምን ይገባ ነበር። በኋላ ከሥራ ሲመጣ በቀጥታ ጫማውን በሩ ላይ ማውለቅ ጀመረ። ራቱንም እዚያው አምጪልኝ አለ። እማማም ከእሱ ጋር ሲሆኑ ይበላሉ። ወደ ግድግዳው የሚዞር ሰው ጠፋ።

ቶሎሳ ሪሲቨሩን ይዞ የመጣ ቀን ጨዋታ ላይ ነበሩ። «ቶሎ ነው የማገጥመው» አለ፣ መሣሪያውን እያወጣ። እማማ አዩት፣ ካርቶኑን አዩ።

«ምን ተበላሸና ነው የሚጠገነው?»

ቶሎሳ እኔን አየ። እኔ ተሾመን አየሁ። ተሾመ ቴሌቪዥኑን አየ።

«ቶሎሳ፣ ና ቁጭ በል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ነው» አለው።

ሪሲቨሩ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። እኔ ሳሎን በትልቁ ቴሌቪዥን ብቻዬን ኳስ አየሁ፤ ሌላ ምን ልይ? ሪሞቱ እማማ ጋ ነው። ብዙ ቀን አየሁ። ትናንት ግን ከውስጥ ሳቅ ሲበዛብኝ ዘጋሁትና ጥልፉን አልብሼው፣ ጫማዬን አውልቄ እኔም ገባሁ። ተሾመ በሰያፍ ተጋድሟል። ሳሮን በአያቷ እግር ሥር ተኮራምታለች። እማማ በመካከል ናቸው። እኔ የምቀመጥበት ቦታ የለም።

ጎረቤቶቼ አሁን ሁለተኛ ቴሌቪዥን ለመግዛት ሲያስቡ ወደ እኔ ይመጣሉ። የቱ ይሻላል፣ ስንት ኢንች ይሁን ይሉኛል። የቱም ቢሆን ግድ የለም እላቸዋለሁ፤ ብቻ አስቀድማችሁ ሰፋ ያለ አልጋ ግዙ።