ሙሴ ሳንድሮ የተቀመጠበት ቦታ

"ወዴት ነው?" የምትለዋን ጥያቄ የማያውቅ ሰው የእኛን አገር መንገድ አያውቅም። እስቲ ከመቱ ወጣ በሉና ወደ ሁሩሙ አቅጣጫ ትንሽ ተራመዱ። ሳያናግራችሁ የሚያልፍ ሰው ካገኛችሁ ወይ ታሟል ወይ ከእናንተ ጋር ተጣልቷል። መጀመሪያ ሰላምታው ይቀድማል፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የዝናቡ ነገር። ከዚያ "ኤሳ ዴምታ?" ይላችኋል፤ ኦሮምኛ ካልገባችሁ በአማርኛ ይደግምላችኋል። መልስ ይዛችሁ መጠበቅ ነው። ለቅሶ ካላችሁ ነፍስ ይማር ብሎ ያሳልፋችኋል። ጊደር ጠፍታብኝ ነው ካላችሁ ቀለሟን ጠይቆ አብሯችሁ ሊፈልግ ይነሣል። "የትም" ማለት ግን አይቻልም። የትም የሚሄድ ሰው አይተን አናውቅማ።

እኔ በበኩሌ መራመድ የሚወድ ሰው እንዳልሆንኩ ከወዲሁ እወቁልኝ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጸሐፊ ደግሞ የተፈጠረው ለመቀመጥ ነው። ከወንበሬ የምነሣው ምሳ ሲደርስ ነበር። እንደኔ ያለውን ሰው ኮረብታ ለኮረብታ ያንከራተተው ማን እንደሆነ ነው የማጫውታችሁ።

ሙሴ ሳንድሮ ይባላል። ጣሊያን ነው፤ ጣሊያን ድል ሆኖ ሲወጣ አብሮ ያልወጣ ጣሊያን። የከተማችንን የቡና መፈልፈያ ማሽን የሚጠግነው እሱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁን ምን ቢታጠብ የጥፍሩ ሥር ከግራሶ የማይጠራ ሰው። አማርኛና ኦሮምኛን እየቀላቀለ ይናገራል፤ እኛም እንደዚያው ስለሆንን ማንም አልሳቀበትም። ማሽኑ የተበላሸ ቀን ሁሉም ይወደዋል። ማሽኑ ደኅና የሆነ ቀን ጣሊያንነቱ ትዝ ይለናል።

እሑድ በመጣ ቁጥር ይህ ሰው ዳቦውን በመሐረብ ቋጥሮ፣ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ኮረብታውን ይወጣል፣ ሸለቆውን ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። የሚሸጠው የለ፣ የሚገዛው የለ፣ የሚጠይቀው ዘመድ የለ። ኦቦ ገለታ የሚባሉ፣ ከመንገዱ ዳር የንብ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ አስቁመው ወዴት ነው ይሉታል። እሱም ባርኔጣውን አንሥቶ "የትም" ይላቸዋል። ኦቦ ገለታ ይህን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ ደስ ሳይላቸው ይውላሉ። ማር ቆርጠው በሰጡት ቁጥር ምናልባት ዛሬ ይነግረኝ ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ። ማሩን ይበላል፣ ያመሰግናል፣ የትም ይላል።

ደግሞ ድንጋይ ያነሣል። ያገላብጠዋል፣ በምራቁ አርሶ ያየዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። ጤነኛ ሰው ድንጋይ ይልሳል? የገበያው ሰው ተማከረና ነገሩን ደረሰበት። ጣሊያኖች ሲሸሹ ሊሸከሙት ያልቻሉትን ወርቅ ቀብረዋል፤ ይህ ሰው የቀበሩበት ቦታ ጠፍቶበት እየፈለገ ነው። አገሩ ያልገባውስ ለዚህ አይደል? ይህን ያህል ግልጽ ነገር እስከዛሬ እንዴት ሳናውቅ ቀረን ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ሙሴ ሳንድሮ እሑድ አረፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰኞ ተቆፍሮ ይገኛል። ዳቦውን የበላበት ዛፍ ሥር ይቆፈራል። ጫማውን የፈታበት ይቆፈራል። ለሽንቱ ዞር ያለበት እንኳ አልቀረም። ማን ቆፈረ ቢባል ማንም። አንድ ጊዜ የአንድ ቄስ በቅሎ እጉድጓድ ገብታ ቄሱ ተንከባልለው ወደቁ። በማግስቱ ስለ ስግብግብነት ረጅም ስብከት ሰበኩ። ሲጨርሱ ግን በቅሎዋን ያወጣላቸውን ሰው ወደ ጎን ጠርተው ታች ምን ነበረ ብለው ጠየቁት አሉ። እኔ አልቆፈርኩም። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ አካፋና ዶማ የሚይዝ እጅ ስላልፈጠረልኝ ነው።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እትዬ አስካለ ታላቄ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዚሁ መንገድ፣ ከአንድ ኮረብታ ጀርባ ትኖር ነበር። ባሏ በወባ ሞቶባታል፤ ልጅ አልወለዱም። ቤቱንና ከቤቱ በታች ያለውን ተዳፋት ትቶላት ነው የሞተው። ወንድሙ አቶ ደግፌ ግን መሬቱ የአባቴ ነው፣ ሴት ብቻዋን ጦም አሳድራዋለች ብሎ ተነሣ። የዘመድ ሽማግሌዎች ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦ ክረምቱ ሳይጠና ቡና ከተከለችበት የሷ ነው፤ ጦሙን ካደረ ደግፌ ይውሰደው። ፍርዱ ፍትሐዊ ይመስላል። ተዳፋቱን ማን ይቆፍርላት? ደቦ ልትጠራ ጎረቤቱን ብትለምን፣ አቶ ደግፌ ቀድሞ በየቤቱ ዞሯል። አንዱ ወገቤን ይላል፣ አንዱ ለቅሶ አለብኝ ይላል። ችግኙን ከጫካ፣ ከትልልቁ ቡና ሥር ነቅላ በቅጠል ሸፍና አዘጋጅታዋለች። የምትተክልበት ጉድጓድ ነው ያጣችው። እኔ ልርዳሽ ብዬ አንድ ቅዳሜ ሄድኩና ከቀትር በፊት እጄ ውኃ ቋጠረ። ሂድ ተቀመጥ አለችኝ።

በዚህ መካከል ነው ሙሴ ሳንድሮ እህቴ ዘንድ ያርፋል የሚል ወሬ የሰማሁት። ደሜ ፈላ። አባታችን ከአርበኞቹ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። እዚያው ከእህቴ ቤት በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው፤ መቃብሩን አናውቅም። ከሁሉ ሰው ጣሊያን፣ ከሁሉ ቤት የእህቴ ቤት? ሄጄ የሚያደርገውን በዓይኔ አያለሁ አልኩና እሑድ ጠዋት ከኋላው ደረስኩበት። አብሬህ ልሂድ አልኩት። ወዴት አልጠየቀኝም። ደስ ብሎት ዳቦውን ከሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ።

እንዴት ያለ መንገድ መሰላችሁ። ሙሴ ሳንድሮ ዝም ብሎ አይሄድም፤ መንገዱን ያነበዋል ልበል። ወንዙ ዳር ቆሞ ይህ ጥቁር ድንጋይ ድሮ እሳት ነበር ይለኛል። መንገዱ ኮረብታውን በቆረጠበት ቀይ አፈሩን ቆንጥሮ ያሸተዋል። ሴቶች ለግድግዳ መለቅለቂያ ነጭ አፈር የሚያወጡበት ጉድጓድ ዘንድ ሲደርስ ይንበረከካል። ከእያንዳንዱ አንድ ጠጠር ኪሱ ይከታል። እየሄድን ስለ አገሩ አጫወተኝ። የተወለደው ኮረብታ ብቻ በሆነ አገር ነው። አንዱ ኮረብታ ነጭ ነው፣ ቀጥሎ ያለው አመድማ ሸክላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እንደኛ ወንዝ ዳር ጥቁር ነው። ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ድንጋይ ብትሰብር የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጡ ታገኛለህ አለኝ። ባሕሩስ የት ሄደ አልኩት። እሱም ልጅ ሆኖ አባቱን ይህንኑ ጠይቆ እንደነበር ነገረኝ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እሑድ ጅራፍ የሚያህል ቀጭን መንገድ ይዘው፣ ከፈረሰ ግንብ ወደ ፈረሰ ግንብ፣ ድሮ ወደ ሮማ ተሳላሚዎች ይሄዱበት በነበረው ዳገት ይጓዛሉ። ወዴት ነው የሚላቸው የለም? የለም። ሁሉም እንደዚያው የትም እየሄደ ነው። እኔም፣ ይህ አገር ነው ወይስ ሆስፒታል አልኩ በልቤ። ግን እግሬ ደክሞ ልቤ አለመድከሙ ገረመኝ።

ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ የወይራ ዛፍ አለ፤ ሥሩ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጠጠር ተከምሯል። የዛሬዎቹን ሦስቱን ከኪሱ አውጥቶ ከክምሩ ላይ አኖረ። የሚልሰው ድንጋይ፣ ገበያው ሙሉ የተወራበት ድንጋይ ይኸው ነበር። ምንድን ነው ይኼ አልኩት። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መለሰልኝ።

"ድንጋይ መልቀም የልጅነት ልማዴ ነው። አስካለ ግን አባታችሁ እዚህ ነው የጠፋው አለችኝ። እኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ከሞተ፣ ያለፈ ሁሉ ድንጋይ ያኖርለታል። የመጣበትን መንገድ አፈር ለይቶ እንዲያውቅ ብዬ ከየዓይነቱ አመጣሁለት። አጥፍቼ ከሆነ አነሣዋለሁ።"

ተወው አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? እንባዬ መጣ፣ ነፋሱ ነው አልኩ፣ ነፋስ አልነበረም። እሱም አዎ ነፋስ አለ ብሎ ደገፈኝ።

ከዚያ ወደ እህቴ ቤት ወረድን። ይሄኔ ነው ጉዱን ያየሁት። እትዬ አስካለ በርጩማ ይዛ ወጣች። ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ በርጩማዋን ወደ ተዳፋቱ ወስዳ አንድ ቦታ አስቀመጠችለት፤ ሄዶ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይታ ሁለት እርምጃ ያህል ወዲያ አዛወረችው፤ ተነሥቶ እዚያ ተቀመጠ። አፈር ቆንጥሮ አሸተተ። ወደ ሰማይ አየ። በዱላው መሬቱን መታ መታ አደረገ። ከቁጥቋጦው ጀርባ የሆነ ሰው ሳል ያዘው። እህቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንፈራፈራለች። ታማ መስሎኝ ሮጥኩ። እየሳቀች ነበር። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሙሴ ሳንድሮ ውኃ ሊለምን ገብቶ ዝንጅብሏ አጠገብ ተቀመጠ፤ በማግስቱ ዝንጅብሏ ተገለባብጦ አገኘችው። ተናዳ ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ ልትለው ስትጠብቀው ሰነበተች። እሑድ ሲመጣ ግን ጉድጓዱን ደግማ አየችውና ሌላ ነገር ታሰባት። እስቲ እዚያ ጋ ተቀመጥልኝ አለችው። ለምን ሲላት ነገረችው። አስቦበት፣ በስንት ክንድ ርቀት ነው ቡና የሚተከለው ብሎ ጠየቃት።

ሰኞ ገበያ ሄጃለሁ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራና ትወጣለች። ስትመለስ ተዳፋቱ ተቆፍሮ ይጠብቃታል። ለቡና ክንድ ያህል ይበቃ ነበር፤ እነሱ እስከ ደረት ያወርዱታል፤ እሷ ቅጠልና ፍግ ትሞላበታለች። ጉድጓዱ ለምን በሰልፍ ተደረደረ ብሎ የጠየቀ የለም። የጠየቀ ቢኖርም ወታደር ሲቀብር በሰልፍ ነው የሚል መልስ ተዘጋጅቶለታል። ወገቤን ያለው መጥቷል። ለቅሶ አለብኝ ያለው መጥቷል። ከሁሉም በጥልቀት የቆፈረው አቶ ደግፌ ነው፤ መሬቱ የእኔ ሲሆን ወርቁም የእኔ ነው ብሎ ለሚስቱ ሲነግራት ተሰምቷል።

ዝናቡ ከመጠናቱ በፊት ሽማግሌዎቹ መሬቱን ሊያዩ መጡ። ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች በችግኝ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ በኮባ ቅጠል ጥላ ተሠርቶለታል። ዋናው ሽማግሌ ዳኝነቱን ሊያሟላ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ይህን አልቆፈረችም፣ የቆፈረላት ሰው ይናገር አለ። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ እግራቸውን ማየት ጀመሩ። አቶ ደግፌ እጁን ከኋላው ደበቀ፤ መዳፉ ገና አልዳነም ነበር። እህቴ ብቻ አንገቷን ደፋ አድርጋ ተናገረች።

"ጎረቤቶቼ ናቸው። ደቦ ሳልጠራቸው፣ ጠላ ሳላጠጣቸው ነው የመጡልኝ። ስማቸውን ልጥራና ላመስግናቸው?"

አያስፈልግም ተባለ። በአንድ አፍ ነው የተባለው። መሬቱ የአስካለ ነው ብለው ፈረዱና ሳይቀመጡ ሄዱ።

ዓመት ሳይሞላ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ፤ አሁን የሙሴ ሳንድሮ አማላጅ ሆነው። አባት ስለሌለ መልሱ ከእኔ ይጠበቃል። እህቴ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች፤ አንድ የዕቃ ድምፅ እንኳ አይሰማም። አንደኛው፣ አባታችሁ ቢኖር ጣሊያን አማች ይቀበል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ስንት ሌሊት ራሴን ጠይቄው ነበር። አባቴ ምን እንደሚል አላውቅም አልኩ። የማውቀው አባቴ በጠፋበት ቦታ እሑድ እሑድ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ይህ ብቻ እንደሆነ ነው አልኩ። ከጓዳ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። መልሱ ይኸው አሉ ሽማግሌው።

በሰማንያ ተጋቡ። ሰርጉ በዋለ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ሦስታችንም ከከተማ በእግራችን ወጣን። አዎ፣ እኔም። ወይራው ሥር ጠጠራችንን አኖርን፤ እኔ ነጩን ነው የያዝኩት። ቁልቁል ስንወርድ ኦቦ ገለታ ቀፎአቸው ሥር ቆመዋል። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቁን። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ሙሴ ሳንድሮ ዞረው ወዴት ነው አሉት። የትም እስኪላቸው ጠበቅን። እሱ እህቴን አየት አደረጋት።

"ወደ ቤቴ" አላቸው።

ኦቦ ገለታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት የጠበቁትን መልስ አገኙ። ሁለቱንም አቅፈው መረቁ፣ ማር ቆርጠው ሰጡን፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔም በልቤ አሁን ወርቅ የሚባለው ወሬ አለቀ፣ ሰውየው የፈለገው ምን እንደነበር አገር አወቀው አልኩ።

ሰኞ ማለዳ እህቴ በሯን ብትከፍት ደጃፏ ላይ እስከ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሮ አገኘች። አጠገቡ የኦቦ ገለታ ዶማ ተረስቷል። ሎሚ ተከሉበት።