የቡፌው ፍጥነት

«ትምህርት ቤቱ ያለው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ታዲያ ልጄ በየጠዋቱ ከማን ነው የሚሸሸው?»

አያት መስኮቱ ላይ ቆመው፣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ጭና የምትፈተለከውን መኪና በዓይናቸው እየሸኙ ይህን ይጠይቃሉ። መኪናዋ ኩርባው ላይ ስትጮህ ደረታቸውን ይይዛሉ። ልጅቷ ደህና ገባች እስኪባልም የያዙት ሻይ እጃቸው ላይ ይበርዳል።

ደግነቱ ልጃቸው ተራ ሰው አይደለም። በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ የፍጥነት መገደቢያ በግዴታ ይገጠም ወይስ አይገጠም የሚለውን የሚመረምረው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ጉዳዩ የሰው ሕይወት በመሆኑ ኮሚቴው አልተጣደፈም፤ ሁለት ዓመት ብቻ ፈጀ። ተቃዋሚዎች «መኪና ካልሮጠማ በሬ አይሻልም?» አሉ። ሰብሳቢው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ መለሰላቸው። ይሄኔ አንዱ አባል እጁን አውጥቶ «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመለት።

በመጨረሻ፣ ለሕዝብ አርአያ ይሆን ዘንድ፣ መገደቢያ የተገጠመላት አዲስ መኪና እንደ አባላቱ ሁሉ ለሰብሳቢውም ተሰጠች። አያት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ መኪናዋ እንደ ሙሽራ ተራመደች፤ አያትም ሦስት ቀን ሻያቸውን በትኩሱ ጠጡ።

በአራተኛው ቀን ሰብሳቢው ስብሰባ ረፈደበት። በአምስተኛው ቀን መካኒክ ግቢ ድረስ መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው ልጄ?»

«መገደቢያውን ላስፈታ ነው፣ እማዬ።»

«አንተው አይደለህ እንዴ ለሰው ሁሉ ይገጠም የምትለው?»

«ለሰው ሁሉ ነዋ! እኔ ልኬን አውቃለሁ። መገደቢያ ልኩን ለማያውቅ ነው።»

«ልኩን የማያውቀው ማን ነው?»

ሰብሳቢው ትንሽ አሰበና «ሕዝቡ» አለ።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ሳቀ። «አይጨነቁ እናቴ፣ በዚህ ሳምንት የሰባት የኮሚቴ አባላት ፈትቻለሁ። የቀረችው ጸሐፊዋ ናት።»

«ትባረክ! እሷ እንኳ ሕግ ታከብራለች።»

«መኪና የላትም።»

የሕዝብን ንብረት መጣል ነውር ነውና፣ የተፈታው መገደቢያ ተወልውሎ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀመጠ። ውጤቱም ወዲያው ታየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡፌው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲሄድ ያየ ሰው የለም።

መኪናዋ ግን ቡፌ አልሆነችም። አያት የቀራቸው አፋቸው ነበር። በየጠዋቱ ግቢው በር ላይ አንገታቸውን በመኪናዋ መስኮት አስግገው «ቀስ በል ልጄ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!» ይሉታል። እሱም በአርባ ዓመት ልምድ ባካበተው ችሎታ አይሰማቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የፊት ጥርሶቿ ስለረገፉ «ወላቃ» የሚሏት የልጅ ልጃቸው ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ጠዋት መኪናችን ዘለለች።»

«ምን አግኝቷት?»

«አባዬ ጉብታ ነው አለ። እኔ ግን ዞሬ ሳየው ጭራ አለው።»

አያት ወላቃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቡፌው ላይ ያለውን ዕቃ እያዩ ቆዩ።

ማግስቱ ታላቅ ቀን ነበር። ሰብሳቢው የኮሚቴውን የመጨረሻ ውሳኔ በንግግር ያሰማል። ከረባቱን እያሰረ መስታወት ፊት ይለማመዳል።

«ክቡራትና ክቡራን! አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ቦርሳዋን አንግታ መንገድ ዳር ቆማለች። ከዚህች ሕፃን የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለን? … ወላቃ! ረፈደብኝ እኮ! ሩጪ፣ መኪና ውስጥ ግቢ!»

አያት ተነሡ። መገደቢያውን ከቡፌው ላይ አነሡና፣ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የንግግር ወረቀት ላይ አኖሩት፤ ንፋስ እንዳይወስደው። ከዚያ የልጅቷን ቦርሳ በራሳቸው ትከሻ አንጠለጠሉ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

አያት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በእግር ልትወስጃት? በዚህ ጉልበትሽ? እማዬ፣ እያናገርኩሽ እኮ ነው!»

አያት ጎንበስ ብለው የወላቃን የጫማ ክር አጠበቁላት፤ ተረጋግተው፣ ሁለቴ ቋጠሩ። ሰብሳቢው የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ በአርባ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱን ለመስማት ጆሮውን አቀና። የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«እማዬ፣ ኧረ ተናገሪ! እንደ ወትሮው ‹ቀስ በል› በይኝ እንጂ!»

አያት የልጅቷን እጅ ይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ከቤት ወጡ።